ሳይቀደድ የሚታይ ሳንባ
ኤም.አር.አይ. በዋነኛነት በውሃ ውስጥ ከሚገኘው የሃይድሮጅን እምብርት ምልክት ተቀብሎ ምስል የሚሠራ መሣሪያ ነው። ሳንባ ግን በአብዛኛው አየር ነው። ውሃው ጥቂት ከመሆኑም በላይ፣ አየርና ሕብረ ሕዋስ በሚዋሰኑባቸው እጅግ ብዙ ድንበሮች ምክንያት ምልክቱ በቅጽበት ይጠፋል። ስለሆነም ፖል ላውተርበር የመጀመሪያውን የማግኔቲክ ሬዞናንስ ምስል እ.ኤ.አ. በ1973 ካሳተመ ሃያ ዓመት ካለፈም በኋላ ሳንባ በምስሉ ላይ ጥቁር ሥፍራ ሆኖ ቆይቷል።

ይህ ክፍተት በቤተ ሙከራ ዋጋ ያስከፍል ነበር። የሳንባ በሽታ በአይጥ ላይ እንዴት እንደሚያድግ ለማወቅ የፈለገ ተመራማሪ በየደረጃው የተወሰኑ እንስሳትን ገድሎ ሕብረ ሕዋሳቸውን በማይክሮስኮፕ መመርመር ነበረበት። ዛሬ የተገደለችው አይጥ ነገ ምን ትሆን እንደነበር ግን ማወቅ አይቻልም።

መፍትሔው የመጣው ከፊዚክስ ነው። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ካስትለር አተሞችን በብርሃን አማካይነት በአንድ አቅጣጫ ማሰለፍ እንደሚቻል በማሳየቱ በ1966 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በዚህ መሠረት በሌዘር የተሰለፈ የሩቢዲየም እንፋሎት ሥርዓቱን ለዜኖን ወይም ለሂሊየም-3 ጋዝ ያስተላልፋል፤ የጋዙም ምልክት በብዙ ሺህ እጥፍ ይጎላል። በ1994 ሚቸል አልበርት፣ ዊልያም ሃፐርና ባልደረቦቻቸው ከአይጥ አካል ተለይቶ የወጣ ሳንባን በዜኖን አሳዩ። በ1995 በሂሊየም-3 የሞተ ጊኒ ፒግ ሳንባ፣ በ1996 ደግሞ የሕያው ጊኒ ፒግ ሳንባ ታየ። ያለመቅደድ ምርመራ ጉዞውን የጀመረው ተቀዶ ከወጣ ሳንባ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ሂሊየም አየር የደረሰበትንና ያልደረሰበትን የሳንባ ክፍል ለይቶ ያሳያል። ዜኖን ግን በሕብረ ሕዋስና በደም ውስጥ ስለሚሟሟ የጋዝ ልውውጡንም ይገልጻል፤ በ2006 በአይጠ መጎጥ ላይ የታተመው ጥናት የጠባሳ ጉዳት ይህን ልውውጥ እንደሚያዘገይ በምስል አረጋግጧል። ይሁን እንጂ አይጥ በደቂቃ ከመቶ ጊዜ በላይ ስለምትተነፍስ፣ ብዙውን ጊዜ ማደንዘዣ፣ የመተንፈሻ ቱቦና ከመሣሪያው ጋር የተቀናጀ አስተንፋሽ ያስፈልጋል። እንግዲህ «ያለመቅደድ» ማለት ያለምንም ጫና ማለት አይደለም።

ሂሊየም-3 የሚገኘው ለኑክሌር መሣሪያ ከተመረተ ትሪቲየም በመሆኑ እጥረቱ ተመራማሪዎችን ወደ ዜኖን መለሳቸው። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህንኑ ጋዝ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ታካሚዎች የሳንባ ምርመራ ፈቀደ። ከአንዲት አይጥ ሳንባ የተነሣው ዘዴ በሃያ ስምንት ዓመቱ ከታካሚው አልጋ ደረሰ።