ሞራሌ ስንት ገባ?

ባለፈው ክረምት ሰኮሩ ውስጥ አንድ እንጨት መሸጫ ደጃፍ ላይ ዝናብ ተጠልዬ ቆሜአለሁ። አንድ ጎረምሳ ባጃጁን አቁሞ ዘሎ ወረደና ባለሱቁን፣ «ሞራሌ አለ?» አለው።

ባለሱቁ ከሂሳብ ደብተሩ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ሞራሌ አልቋል» ሲል መለሰ።

«ስንት ገብቶ ነበር?»

«ተወው ባክህ፣ ሞራሌ በየቀኑ ነው የሚጨምረው!»

ጎረምሳው አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እኔ ሳቄን ዋጥ አድርጌ ባለሱቁን ተመለከትኩት። ሞራሉ አልቆ ሳለ ሞራሉ በየቀኑ የሚጨምር ሰው በሕይወቴ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ለማያውቁ ልንገር። ሞራሌ ማለት በአራት ማዕዘን የተሰነጠቀ፣ ቀጠን ያለ ረጅም እንጨት ነው። የጣሪያ ቆርቆሮ የሚመታበት፣ ኮርኒስ የሚያርፍበት እሱ ነው። ቃሉን ያመጡልን ጣሊያኖች ናቸው። የሚገርመው በእነሱም ቋንቋ ይኸው ቃል እንጨትም ነው፣ የሰው መንፈስም ነው። እኛ ደግሞ «ሞራል» ብለን የተቀበልነውን ቃል «የእኔ» ለማለት ስናረባው ሞራሌ ሆነና እንጨቱና መንፈሳችን አንድ ጣሪያ ሥር ተገናኙ። «ሞራሌ ተሰበረ» ያለ ሰው ጓደኛ ያጽናናው ወይስ አናጢ ይጥራ፣ ከፊቱ አይቶ መለየት ነው።

ወደ ሰኮሩ የሄድኩት ግን ሞራሌ ልገዛ አልነበረም። ሰኮሩ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ሲሄዱ ግቤን ተሻግረው የሚያገኟት የመንገድ ዳር ከተማ ናት፤ ተወልጄ ያደግኩባት። እናታችን ካረፈች ወዲህ ቤቱን የያዘችው ታላቅ እህቴ፣ «የእማዬ በርጩማ ተሰነጠቀ፤ ና ወይ አሠራው ወይ ውሰደው» ብላ ደወለችልኝ። እናቴ ከአርባ ዓመት በላይ ተቀምጣበት ቡና ያፈላችበት በርጩማ ነው። ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ፣ ባለ ሦስት እግር፣ ምስማር የሚባል ነገር ያልነካው። በየአገሩ «የጅማ በርጩማ» የሚባለው ማለት ነው።

ዝናቡ ሲያባራ በርጩማውን ታቅፌ ወደ አሮጌው አናጢ ቤት ወረድኩ። እኚህ ሰው ሰባዎቹን አጋምሰዋል። በልጅነቴ የሠፈራችንን በርና መስኮት የሠሩት እሳቸው ናቸው። አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀልን ነው የምናወራው። ዋንዛውን እሳቸው «ዋዴሳ» ይሉታል፤ በርጩማው ላይ ስንደርስ ግን ሁለቱም ቋንቋ በርጩማ ይላልና እንግባባለን።

«መምህር፣ ምን ሰብረህ መጣህ?» አሉኝ።

«እኔ አልሰበርኩም ጋሼ፣ ጊዜ ነው የሰበረው።»

«ጊዜ አይሰብርም፤ ፀሐይ ላይ ትተውት ነው» አሉና በርጩማውን ገልብጠው ያዩት ጀመር።

እሳቸው ስንጥቁን ሲመረምሩ እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን መሣሪያዎች አነብ ነበር። አነብ ነበር ማለቴ ልክ ነው፤ ሃያ ምናምን ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው መዶሻም ቢያይ ያነባል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም፤ በዚህ ምክንያት ተማሪዎቼ ሲደናገሩ ከምሰጣቸው ምሳሌዎች ሁለቱ እዚያ ተሰቅለዋል። አንዱ መሮ ነው። አላልተው ካነበቡት እንጨት ይበሳል፤ አጥብቀው ካነበቡት ሬት ይሆንና ኑሮ ራሱ ሰውን «መሮት» ያድራል። ሁለተኛው መጋዝ ነው። ሲላላ ግንድ ይቆርጣል፤ ሲጠብቅ ግዞት ነው፣ ሰውን ከቀየው ቆርጦ ይወስዳል። ከጎናቸው ጠገራ ተደግፏል። ጠገራ መጥረቢያም ነው፣ የማሪያ ቴሬዛ ብርም ነው። በጅማው ሂርማታ ገበያ በአንዱ ጠገራ ዛፍ ሲጣል በሌላው ጠገራ ቡናም ሰውም ይገዛ ነበር። እንዲህ ያለውን ቃል እየሳቁ ጀምረው እየሳቁ መጨረስ አይቻልም።

እንግዲህ አስቡት፤ የአናጢ ቤት ማለት የአገር ታሪክ የተጠራቀመበት መጋዘን ነው። የሄደ መንግሥት ሁሉ አንድ አንድ ቃል ረስቶበት ይሄዳል፣ ወይም ሰርቆት ይሄዳል።

ከዘውዱ ዘመን እንጀምር። ያን ሥርዓት «ፈላጭ ቆራጭ» ስንለው ኖረናል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ይህ የእንጨት ሰባሪ የሥራ መደብ ነው። ንጉሥን የሚያህል ሰው ፈላጭና ቆራጭ ካሉት በኋላ የቀረው ላጊና ሰርሳሪ ማለት ብቻ ነው። የእኛ አካባቢ ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ገዙ። ለአፄ ምኒልክ በሰላም ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም የእንጨት በረንዳውን ይዞ ቆሟል። እኔ እዚያ ስሄድ ሁልጊዜ የማስበው ያን እንጨት የፈለጡትንና የቆረጡትን ነው። ስማቸው የትም አልተጻፈም። ፈላጭ ቆራጭ የሚለው ማዕረግ ለማይፈልጠውና ለማይቆርጠው ሄዷል።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ከ1928 እስከ 1933 በቆየባቸው ዓመታት ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት የአስተዳደር መቀመጫ አድርጓት ነበርና የሠራውን ሕንፃ ትቶ ወጣ፤ ከሕንፃው ይልቅ የበረከተው ግን ቃሉ ነው። ስኳድራ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ ካቻቢቴ፣ ኮላ፣ ስቱኮ፣ ሰጋቱራ። አርበኛው ጠላትን ከጫካ ሲያባርር አናጢው በጠላት ቋንቋ ምስማር ይመታ ነበር። ኮምፔርሳቶም የዚያው ወገን ነው። በጣሊያንኛው ኮምፔንሳቶ ማለት የተካካሰ፣ የተመጣጠነ እንደ ማለት ነው። ስስ ስስ ቅጠሎች አንዱ በቁመቱ፣ አንዱ በወርዱ እየተነባበሩ ስለሚጣበቁ አንዱ ሊጣመም ሲል ሌላው ይይዘዋል። አገር የሚገዛ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ኮምፔርሳቶ ሲሠራ ቢያይ ደስ ይለኛል።

ደርግ ሲመጣ ደግሞ ቃል ሊያመጣ ሳይሆን ሊወስድ መጣ። መዶሻውን ከአናጢው ግድግዳ አውርዶ ከማጭድ ጋር አጣምሮ አደባባይ ሰቀለው። «ቆራጭ» ወረደና «ቆራጡ መሪያችን» ወጣ፤ የመጨረሻዋ ፊደል ተለወጠች እንጂ መቁረጡ አልቀረም። መደብንም የወሰደው እሱ ነው። ልጅ ሆኜ አንድ ካድሬ ትምህርት ቤታችን መጥቶ፣ «የቤተሰብህ መደብ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ የማውቀው መደብ እቤታችን ግድግዳ ሥር ያለውን መቀመጫ ነበርና፣ «ጭቃ ነው ጓድ፤ ላዩ ላይ ቁርበት አለው» ብዬ መለስኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ካድሬው ግን አልሳቀም፤ ጻፈው። ምን ብሎ እንደጻፈው እስከ ዛሬ ያሳስበኛል።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን መዋቅር የሚባል ቃል ወደደ። ሥራ ሁሉ ወይ ቋሚ ወይ ኮንትራት ሆነ። በ1993 ተሃድሶ ተባለ፤ በ2009 ደግሞ ጥልቅ ተሃድሶ። ይህን ሳነሳባቸው አናጢው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቤት ስታድስ መጀመሪያ ቋሚውን ታንኳኳለህ» አሉ። «ምስጥ የበላው ድምፁ ይለያል። ሰው ግን ቀለሙን ነው የሚያስቀድመው።»

የዛሬውን ዘመን ቃል የሰማሁት ከዚያው ከእሳቸው አፍ ነው። «አሁን ሁሉ ነገር ኤምዲኤፍ ነው» ሲሉኝ ደነገጥኩ። አዲስ ግንባር የተቋቋመ መስሎኝ ነበር። በዚህ አገር በ«ኤፍ» የሚያልቅ ስም ሲጠራ ዞር ብሎ ማየት የለመደብን ነገር ነው። ኋላ ግን ጉዳዩ የጠረጴዛ ሆኖ ተገኘ። የእንጨት ቃጫ ተፈጭቶ፣ ከሙጫ ጋር ተለውሶ፣ በሙቀትና በግፊት ተጠፍጥፎ ጣውላ ይሆናል። ቺፕውድ የሚባለው ዘመዱ ደግሞ ከፍቅፋቂና ከሰጋቱራ ይሠራል። ላዩ እንደ መስታወት ያበራል፣ ውሃ ሲነካው ያብጣል።

«እኛ» አሉ አናጢው፣ «ማታ ማታ ሰጋቱራውን ጠርገን ጥለን እንጨቱን እንሸጥ ነበር። ዛሬ ሰጋቱራው ተሸጠና እንጨቱ ጠፋ።»

እንጨቱ የጠፋው በኤምዲኤፍ ብቻ አይደለም። በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ በኋላ አዋጁ በሌሎች ቢተካም ጭንቀቱ አልተተካም። እውነቱን ለመናገር ተገቢ ነበር። ዋንዛ በእኛ አገር የቡና ጥላ ነው። ከሊሙ እስከ አጋሮ ቡናው የሚያድገው በእሱና በመሰሎቹ ሥር ነው። አንድ ዋንዛ ሲቆረጥ በርጩማ ይገኛል፤ ግን በርጩማው ላይ ተቀምጠን የምንጠጣው ቡና ጥላውን ያጣል። አናጢውም ይህን ያውቃሉ። ከጓሮአቸው አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ፤ ስንት በርጩማ እንደሚወጣው ቆጥረው ጨርሰዋል፣ መጋዝ ግን አላስነኩትም።

«ታዲያ ሙያውን ማን ይወርስዎታል?» አልኳቸው።

«ሁለት ልጆች አስተምሬ ነበር። አንዱ ሳውዲ ገባ። ሌላው ወራጅ አመታት እንደሱ አድርጎ የሚያውቅ አልነበረም፤ አሁን ባጃጅ ይነዳል።»

ወራጅ ማለት ከጣሪያው አናት ወደ ግድግዳው የሚወርደው እንጨት ነው። ያ ልጅ ዛሬ «ወራጅ አለ!» ሲባል ይውላል ማለት ነው። ልስቅ አልኩና ሳቁ መሮ ሆነብኝ፤ የትኛው መሮ እንደሆነ እናንተው አጥብቁት። የምለው ቸግሮኝ፣ «ለዚህ ነገር እንኳ ማጠፊያው አጠረኝ ጋሼ» አልኳቸው።

«ማጠፊያ ከሆነ የምትፈልገው፣ እታች ባለሱቁ ጋ ሞልቷል» አሉኝ ፈገግ ሳይሉ።

እኔ ያኔ የገባኝ አንድ ነገር አለ። ቃላቱ ቢቀያየሩ አናጢው ቅር አላላቸውም። መሮንም ትራፓኖንም ኤምዲኤፍንም ያለ ንቀት ይጠራሉ። የሚያሳስባቸው ልኩ ነው። ቋሚ፣ ማገር፣ ምሰሶ፣ ውሃ ልክ፣ ቱምቢ እያልን ስለ ሰውና ስለ መንግሥት የምናወራው እነዚህን ነገሮች በእጃቸው የያዙ ሰዎች ስለነበሩልን ነው። «ልኩን አያውቅም» ብለን የምንሰድበው ሰው ልኩ ስንት እንደሆነ ለክቶ ያሳየን አናጢ ነበር። ቱምቢ ጥሎ የማያውቅ ትውልድ «ቀጥ ያለ ሰው» ሲባል ከምን አንጻር ቀጥ እንዳለ በምን ያውቃል? እኔ ራሴ ይህን ሁሉ ቃል ሳስተምር ኖሬ አንድ በርጩማ መጠገን አልችልም። ራሴ ላይ ያለው የእንጨት ሽበት ነው ማለት ነው።

በርጩማውን እንዴት እንደጠገኑት ልንገራችሁ። ምስማር አልመቱበትም፣ ኮላም አላፈሰሱበትም። እርጥብ ጠፍር አምጥተው ወገቡን ጠበቅ አድርገው ጠመጠሙት። ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ስንጥቁን ይዞ ይገጥመዋል። «ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ ተዉት» አሉኝ። ከዚያም ጉራንጉር በሆነው የጓሮ መሬት ላይ አስቀምጠው፣ «አየህ፣ አይነቃነቅም። አራት እግር ያለው ወለል ይመርጣል። ሦስት እግር የትም ይቆማል» አሉ።

ሂሳብ ስጠይቃቸው «ልኩን ስጥ» አሉኝ፤ እኔም ልኩን ባላውቀውም የቻልኩትን ሰጠሁ።

ስሰናበታቸው የጠዋቱን ወሬ፣ የዚያን ጎረምሳና የባለሱቁን ነገር አጫወትኳቸው። እስኪያነቡ ሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ ግን፣ «ባጃጅ ይነዳል አልክ? ረጅም፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ።»

«የእኔው ልጅ ነው እኮ! ለራሱ አንዲት ክፍል እየሠራ ነው። ወራጁን ብቻውን መትቶ ጨርሷል አሉ።» ተነሡና ከበሩ ኋላ ከተደረደረው እንጨት መሃል አቧራውን በእጃቸው አራገፉ። አራት ማዕዘን የተሰነጠቁ፣ የደረቁ፣ ቀጥ ያሉ ሦስት እንጨቶች ወጡ።

«መንገድ ላይ ካገኘኸው» አሉኝ፣ «ሞራሌ እኔ ጋ አለ በለው።»