ከማውና ኬያ ኮርማዎች የተማሩ ፈረሰኞች

እ.ኤ.አ. በ1793 እንግሊዛዊው የመርከብ አዛዥ ጆርጅ ቫንኩቨር ከካሊፎርኒያ የጫናቸውን ጥቂት ከብቶች ለሃዋይ ንጉሥ ለቀዳማዊ ካሜሃሜሃ በስጦታ አበረከተ። በደሴቶቹ ላይ ከዚያ በፊት ላም የሚባል ነገር አልነበረም። ቫንኩቨር ከብቶቹ እንዲረቡ 10 ዓመት ማንም እንዳይነካቸው ለመነ፤ ንጉሡም ግዝት ጣለባቸው።

ረቡ፤ እንዲያውም ከልክ አለፉ። ጠባቂም ሆነ በረት ያልነበራቸው ከብቶች የማውና ኬያን ተራራ ጫካ ይዘው አውሬ ሆኑ። የገበሬውን ማሳ እየረመረሙ ሰብሉን ፈጁበት። ለማጥመድ ጉድጓድ ይቆፈር ነበር፤ ታዋቂው ስኮትላንዳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ዴቪድ ዳግላስ በ1834 ሞቶ የተገኘው ኮርማ በገባበት እንዲህ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ኮርማው ይግደለው ሰው ይግደለው እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ፈረስ ደግሞ የመጣው ከከብቱ 10 ዓመት ዘግይቶ በ1803 ነው። ላምና ፈረስ ከጥንት አብረዋቸው ለኖሩ እንደ እኛ ላሉ ሕዝቦች ይህን ማሰብ ይከብዳል፤ በዚያ ዘመን የነበረ አንድ የሃዋይ ሽማግሌ ጎልማሳ እስኪሆን ድረስ ሁለቱንም በዓይኑ አላያቸውም ማለት ነው።

መጀመሪያ ከብቱ የሚታደነው በጠመንጃ ነበር። በ1809 ከመርከቡ ወርዶ ሃዋይ የገባው አሜሪካዊው ጆን ፓልመር ፓርከር በንጉሡ ፈቃድ የዱር ከብት እየተኮሰ ቆዳውን፣ ሞራውንና ጨው የተነሰነሰበትን ሥጋ ለመርከበኞች ይሸጥ ነበር። ከንጉሡ ዘር የሆነች ሴት አገባ፤ በ1847 የተከለው የከብት እርባታ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ነገር ግን በጥይት የተገደለ ከብት አይረባም፣ አይነዳምም። ስለዚህ ሣልሳዊ ካሜሃሜሃ በ1830ዎቹ መጀመሪያ በዚያን ጊዜ የሜክሲኮ ግዛት ከነበረችው ካሊፎርኒያ በጣት የሚቆጠሩ ፈረሰኛ እረኞች አስመጣ። ትምህርት ቤቱ ይኸው ነው፤ ሰሌዳም ወንበርም የለው፣ ተማሪው ከመምህሩ ጎን እየጋለበ የሚማርበት።

የመጀመሪያው ትምህርት እንዲያውም ኮርቻ ላይ አልነበረም። ጥሬ ቆዳውን አርጥቦ መፋቅ፣ በቀጭኑ ተልትሎ አራት ጠፍር አንድ አድርጎ መጎንጎን፣ ወጥሮ ማድረቅ፣ በሞራ እያሹ ማለስለስ። ኮርቻውንም ከአገሩ እንጨት ጠርበው ጥሬ ቆዳ ያለብሱት ነበር። ጠፍሩን በወጉ ያልሠራ ሰው ውጤቱን የሚያየው ተራራ ላይ፣ የተናደደ ኮርማ በገመዱ ሌላኛው ጫፍ ታስሮ ሳለ ነው።

አያያዙ እንዲህ ነበር። ፈረሰኛው ዛፍና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በሞላበት ቁልቁለት እየጋለበ ሸምቀቆውን ቀንዱ ላይ ይጥላል፤ ወዲያው ገመዱን በኮርቻው የፊት ጉጥ ይጠመጥመዋል። ጣት በጠፍሩና በጉጡ መካከል ከገባ ተቆረጠ ማለት ነው። ከሳተ ደግሞ ኮርማው ዞሮ ፈረሱን በቀንዱ ሊወጋ ይመጣል። የተያዘውን ዛፍ ላይ አስረው ቁጣው እስኪበርድ፣ ርቦትና ጠምቶት እስኪዝል ይተዉታል። ከዚያ የለመደ በሬ ያመጡና ሁለቱን አንገት ለአንገት ያቆራኟቸዋል፤ በሬው በረቱን ስለሚያውቅ እየጎተተ ይወስደዋል። እኔን የሚገርመኝ ይኼ ነው፤ አስቸጋሪውን የመጨረሻ ሥራ የሚሠራው ሰው ሳይሆን በሬው መሆኑ።

ሌላው ፈተና ባሕሩ ነበር። በካዋይሃይ ወደብ መርከብ ዳር ድረስ አይጠጋም ነበር። ስለዚህ ፈረሰኛው ሰንጋውን በገመድ ጎትቶ፣ ከነፈረሱ ማዕበሉ ውስጥ ገብቶ እየዋኘ ጀልባ ድረስ ያደርሰዋል። ጀልባ ቀዛፊዎቹ አፍንጫው ከውኃ በላይ እንዲሆን ጭንቅላቱን ከጀልባው ጠርዝ ጋር ያስሩታል። ግራና ቀኝ ከብት የታሰረባት ጀልባ ወደ ትልቁ መርከብ ትቀዘፋለች፤ እዚያ ሆዱ ሥር ጨርቅ ይገባና በማንሻ ተሰቅሎ ይጫናል። ፈረሰኛ እረኛ ሲባል ፊልም የቴክሳሱን ካውቦይ ነው ያስለመደን። የቴክሳስ ሰዎች ግን ከብት እየነዱ ወደ ሰሜን መጉረፍ የጀመሩት ከ1865 በኋላ ነው፤ ፓኒዮሎ የሚባሉት የሃዋይ ፈረሰኞች ያን ጊዜ 30 ዓመት ያህል ሠርተው ነበር።

በ1908 ኢበን ሎው የተባለ የእርባታ ባለቤት፣ እሱ ራሱ በገመድ አደጋ አንድ እጁን ያጣ ሰው፣ ሦስት ፓኒዮሎዎችን ዋዮሚንግ፣ ሻየን ከተማ ወደሚካሄደው ታላቅ ውድድር ላከ። ፈረሶቻቸውን ይዘው አልሄዱም፤ በተዋሱት ፈረስ ነው የተወዳደሩት። ባርኔጣቸው ላይ አበባ ጠምጥመው ሲመጡ ተመልካቹ ምን እንዳላቸው መገመት አያቅትም። ከሦስቱ አንዱ፣ የዋይሜያው ኢኩዋ ፐርዲ፣ ወይፈኑን አሯሩጦ፣ ጥሎና እግሩን አስሮ ለመጨረስ የፈጀበት 56 ሰከንድ ነበር። አንደኛ ወጣ። አርቺ ካአኡአ ሦስተኛ፣ ጃክ ሎው ስድስተኛ ሆኑ።

ፐርዲ ክብሩን ለማስጠበቅ ወደ ሻየን አልተመለሰም። ማዊ ደሴት ወደሚገኘው የኡሉፓላኩዋ እርባታ ሄዶ በ1945 እስኪሞት ድረስ ከብት ሲጠብቅ ኖረ። የአሜሪካ የሮዲዮ ዝነኞች መዝገብ ስሙን ያሰፈረው በ1999 ነው።