ከጂን ራሚ የተሰደደው ስቱ ኡንገር

በላስ ቬጋስ የቁማር ታሪክ ስሙ ሁልጊዜ ከፖከር ጋር የሚነሣው ስቱ ኡንገር፥ ነገሩን ከሥሩ ለመረመረ ሰው፥ አስቀድሞ የፖከር ሰው አልነበረም፤ ፖከር ለእርሱ የተወለደበት ሳይሆን የተሰደደበት አገር ነበረ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ተወልዶ፥ አባቱ መሸታ ቤት በከፈተበት ሰፈር በቁማርተኞች መካከል ያደገው ይህ ብላቴና፥ ገና በ10 ዓመቱ የጂን ራሚን ውድድር አሸነፈ። ጂን ራሚ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው፥ እያንዳንዳቸው 10 ካርታ ይዘው፥ አንድ እያነሡ አንድ እየጣሉ የሚጫወቱት ነው፤ ኡንገርም ባላጋራው የጣለውን ብቻ ሳይሆን ያነሣውንና ያመነታበትን ጭምር በልቡናው መዝግቦ ይይዝ ስለ ነበር፥ ጥቂት ዙር እንዳለፈ በሰውዬው እጅ የቀረውን ካርታ በመስተዋት እንደሚያይ ያህል ያውቀው ነበር። ስመ ጥር የጂን ሊቃውንት ተራ በተራ ተሸንፈው የሚገጥመው ሰው ቢያጣ፥ ወደ ላስ ቬጋስ ተሻገረ፤ በዚያም ያው ዕጣ ጠበቀው።

በ1977 የካዚኖ ባለቤቱ ቦብ ስቱፓክ፥ ከ6 ጥቅል ግማሹ ከወጣ በኋላ የሚቀሩትን 156 ካርታዎች ለይቶ ማወቅ አይችልም ሲል 100,000 ዶላር አስይዞ ተወራረደው፤ ኡንገርም በ10,000 ዶላር ገጥሞ ረታ። ካዚኖዎች ግን እንዲህ ያለውን ኅሊና ስለሚፈሩ፥ የወጣውን ካርታ ለሚያስታውስ ሰው የሚያደላው ብላክጃክ የተባለው የካርታ ጨዋታም ተዘጋበት፤ የቀረው ደጅ ፖከር ነበረ።

በ1980 በዓለም የፖከር ሻምፒዮና ፍጻሜ፥ ሁለት ጊዜ ከነገሠው ከዶይል ብራንሰን ጋር ተፋጠጠ። ብራንሰን አስና 7 ይዞ ሁለቱም በጠረጴዛው ላይ ተጣመሩለት፤ ኡንገር 5ና 4 ይዞ፥ ከአስ እስከ 5 ያለውን ተከታታይ የሚሞላለትን 3 ይጠብቅ ነበር፥ 3 መጣለትና አሸነፈ። ያቺ ካርታ ዕድል ናት፤ በማግስቱ ዓመት ዳግመኛ ማሸነፉን ግን ዕድል ለማለት ልቤ አይፈቅድም።

ከዚያ በኋላ ኮኬይን ገንዘቡንም ሰውነቱንም በላው። በ1997 ጓደኛው ቢሊ ባክስተር የመግቢያውን 10,000 ዶላር ከፍሎለት፥ ኡንገር የልጁን ፎቶግራፍ ይዞ ተቀመጠና ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈ፤ ሽልማቱም 1,000,000 ዶላር ነበረ። በኅዳር 1998 ግን በላስ ቬጋስ በአንድ ርካሽ ማረፊያ ቤት፥ በ45 ዓመቱ ሞቶ ተገኘ። ለቀብሩ የሚበቃ ገንዘብ አልነበረውምና፥ ከለቀስተኞች መዋጮ የሰበሰበለት በ1977 የረታው ቦብ ስቱፓክ ነበረ።