የወንጀል ሕግ መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦች እና የመንግሥት ሠራተኛ ኃላፊነት

አንድ ድርጊት ስህተት ወይም የዲሲፕሊን ጥፋት ስለሆነ ብቻ ወንጀል አይሆንም። በበላይ ኃላፊ ትእዛዝ የተፈጸመ በመሆኑ ብቻም ከወንጀልነት አይወጣም። እነዚህን ሁለት ነጥቦች ለይቶ ማወቅ በተለይ ለመንግሥት ሠራተኞችና ለሥራ ኃላፊዎች ጠቃሚ ነው።

በኢትዮጵያ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተካ ነው።

በሕጉ አንቀጽ 23 መሠረት አንድ ድርጊት ወንጀል ሆኖ የሚያስቀጣው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች በአንድነት ተሟልተው ሲገኙ ነው።

ሕጋዊው ፍሬ ነገር ድርጊቱ ወንጀል መሆኑ አስቀድሞ በሕግ መደንገጉ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 22 ማንኛውም ሰው ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ ወንጀል ባልነበረ ጉዳይ እንደማይቀጣ ያረጋግጣል።

ግዙፋዊው ፍሬ ነገር በሕግ የተከለከለውን ማድረግ ወይም የታዘዘውን አለማድረግ ነው። ክፉ ሐሳብ በልብ ውስጥ እስከቀረ ድረስ አያስቀጣም። ሆኖም ወንጀሉን መፈጸም ጀምሮ ከፍጻሜ ያላደረሰ ሰው በሙከራ ሊጠየቅ ይችላል።

ሞራላዊው ፍሬ ነገር የአድራጊውን የሐሳብ ሁኔታ ይመለከታል። ሰው የሚቀጣው አስቦ ወይም በቸልተኝነት ሲያጠፋ ነው። በቸልተኝነት የተፈጸመ ድርጊት ደግሞ የሚያስቀጣው ሕጉ ይህንኑ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ መሆኑ በአንቀጽ 59 ተመልክቷል።

ለምሳሌ አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ በቆጠራ ተሳስቶ ለ90 ዕቃ የ100 ሞዴል 19 ቢቆርጥ በዲሲፕሊን ሊጠየቅ ይችላል፤ ስህተቱ ብቻውን ግን ወንጀለኛ አያሰኘውም። ዕቃው አለመግባቱን እያወቀ ገቢ እንደሆነ አድርጎ ቢፈርም ግን ጉዳዩ ከስህተት አልፎ ወደ ወንጀል ይሸጋገራል። የሙስና ወንጀሎች በአዋጅ ቁጥር 881/2007 በተለይ ተደንግገዋል።

ሠራተኛው "ኃላፊዬ አዞኝ ነው የፈረምኩት" ቢልስ? ትእዛዙን የሰጠው ኃላፊ ተጠያቂ ከመሆኑም በላይ፣ በአንቀጽ 74 መሠረት የትእዛዙን ሕገ ወጥነት እያወቀ የፈጸመው የበታች ሠራተኛም ይቀጣል። አዛዡ ሥልጣን እንደሌለው ወይም የታዘዘው ድርጊት ወንጀል መሆኑን ማወቁ ለዚህ ማሳያ ነው። ድርጊቱን የፈጸመው የታዛዥነት ግዴታ ተሰምቶት ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ሕጉን አለማወቅም በመርህ ደረጃ መከላከያ አይሆንም።

በሌላ በኩል የተከሰሰ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት የተከሰሱ ሰዎች በፍርድ ሂደት ባሉበት ጊዜ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አላቸው።

በመሆኑም ትእዛዝ የደረሰው ሠራተኛ ከመፈረሙ በፊት ሁለት ነገሮችን ማጤን ይኖርበታል፤ አዛዡ ለጉዳዩ ሥልጣን ያለው መሆኑን እና ድርጊቱ በሕግ ያልተከለከለ መሆኑን።