የተገፋች ሚስት መጠጊያ፦ ከአባት ቤት እስከ ስውሩ ቤት

በኦሪት ሕግ ለእስራኤል ልጆች 6 የመማፀኛ ከተሞች፣ 3ቱ ከዮርዳኖስ ማዶ 3ቱም በከነዓን ምድር እንዲለዩ የታዘዘው፣ ሳያውቅ ነፍስ ያጠፋ ሰው ደም መላሹ ሳይደርስበት የሚገባበት በር እንዲኖረው ነበር፤ ባሏን ሸሽታ ለምትወጣ ሴት ግን የተለየች ከተማ የለችም። ለእርሷ የቀረላት የአባቷ ቤት ነው። የዚህም ቤት መጠጊያነት እስከ ምን እንደሚደርስ በመጽሐፈ መሳፍንት በ19ኛው ምዕራፍ የተጻፈው የሌዋዊው ዕቁባት ታሪክ ያሳያል። ይህች ሴት ሰውየውን ትታ ወደ ቤተ ልሔም ይሁዳ፣ ወደ አባቷ ቤት ሄዳ 4 ወር ተቀመጠች፤ ሰውየው ሎሌውንና ሁለት አህዮች ይዞ ሊመልሳት በመጣ ጊዜ አባቷ ደስ ብሎት ተቀበለው፣ ዛሬን ደግሞ እደር እያለ አበላው አጠጣው፣ በአምስተኛውም ቀን ሰውየው ማደርን እምቢ ብሎ እርሷን ይዞ ሄደ፤ በዚያው ሌሊት በጊብዓ የከተማው ክፉዎች አስነውረው ለሞት አበቋት። አማትና አማች ያን ያህል ቀን ሲጨዋወቱ፣ እርሷ ግን ከምዕራፉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል ስትናገር አትሰማም።

በደጋው አገራችንም የተደበደበች ሚስት ከጥንት ጀምሮ የምታመራው ወደዚያው ወደ አባቷ ቤት ነበር። ሌሊቱን እንደ ምንም አሳልፋ፣ ሲነጋ ነጠላዋን ተከናንባ፣ የሚጠባ ልጅ ካላት አዝላ፣ ከፍ ከፍ ያሉትን ለአማቷ ትታ፣ «እገሊት አኩርፋ ሄደች» እየተባለ መንደሩ ሁሉ እያያት ትወጣለች እንጂ ተደብቃ አትሄድም። የአባት ቤት እርሷን የሚቀበልበት ምክንያት ደግሞ የወላጅ አንጀት ብቻ አልነበረም፤ በሰማንያ የተጋባች ሴት ከባሏ ጋር ባፈራችው ሀብት ላይ እኩሌታ ድርሻ ነበራትና፣ በአማራው አገር ሥርዓትም ሴት ልጅ እንደ ወንድሞቿ ከአባትም ከእናትም ወገን ርስት ትወርስ ነበርና፣ አኩርፋ የመጣችው ልጅ እንግዳ ወይም ጥገኛ ሳትሆን ባለ መብት ነበረች። ጋብቻውም የሁለት ቤተ ሰብ ውል ስለ ነበረ፣ በእርሷ ላይ የተነሣው ዱላ በወንድሞቿ ላይ እንደ ተነሣ ይቈጠር ነበር። ስለዚህ ቤቱ የሚጠበቀው በግንብና በቍልፍ ሳይሆን፣ ሁሉም የማን ቤት እንደ ሆነ በማወቁ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ባልየው ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሎቹ ከደጅ ቆመው «ቤቶች!» ይላሉ፤ እንዳልሰሙ ሆነው ጥቂት ያስቆሟቸዋል፤ ከገቡም በኋላ ጠላው ሲቀርብ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀምስም» ይላሉ። አባትየው የልጁን ፊት እንዲያዩ ይጠራታል፤ እርሷም ከምሰሶው ኋላ ቆማ፣ መሬት መሬት እያየች፣ የተጠየቀችውን ብቻ ትመልሳለች። ጥፋቱ የከበደ እንደ ሆነ ባልየው በጫንቃው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ከአማቱ እግር ወድቆ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ለካሣ ቀሚስ ወይም ነጠላ ይቈረጥበታል፤ ሁለተኛ እጁን እንዳያነሣባትም ዋስ ይጠራል። ከዚህ በኋላ እናትየዋ ልጇን ወደ ጓዳ ወስዳ «ታገሺ ልጄ፣ እኛም እንዲሁ ነው ያሳለፍነው» ብላ፣ ቅቤ ቀብታ ስንቅ አስይዛ ትሸኛታለች።

ይህን ሥርዓት የሚያመሰግኑ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኔም አልንቀውም፤ ዳኛ በሌለበት አገር የዋስ ቃል ቀላል ነገር አይደለምና። ነገር ግን የአባት ቤት የተሠራው ለዕርቅ እንጂ ለደኅንነት አለመሆኑን መካድ አይገባም። በሩ የሚከፈተው ልትመለስ ነው በሚል ተስፋ ነበር፤ ዱላው ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ በተነሣ ጊዜም፣ ከእርሷ ሕመም ይልቅ የዋሱ መዋረድ ይወራ ነበር። ደግሞም አባት የሞተባት፣ ከወገኖቿ ርቃ የተዳረች፣ ወይም በደሞዝ ገብታ የአንድ ሰው ሚስትም ገረድም ሆና የምትኖር ሴት ይህ በር ከቶ አልነበራትም።

እንዲህ ላለችው ሴት ቤተ ክርስቲያን ትቀርባለች። በአገራችን አድባራትና ገዳማት የተማጽኖ ሥርዓት የታወቀ ነበር፤ ከንጉሥ ቍጣ የሸሸ ሰው ከደብሩ ቅጥር ገብቶ ደወል የደወለ እንደ ሆነ አሳዳጁ እጁን ይሰበስባል፤ በጎንደርም የእጨጌው ሰፈር የተከበረ መማፀኛ ስለ ነበረ፣ ሽፍታው ነፍሱን፣ ባላገሩም በጦርነት ጊዜ ንብረቱን ይዞ ይገባበት ነበር። ይህም መጠጊያ ኀይሉ በመታወቁ ነው፤ ደወል የሚደወለው እንዲሰማ ነውና። ባልና ሚስት በተጣሉ ጊዜ ግን ካህኑ የሁለቱም የነፍስ አባት ስለ ሆነ፣ ሴቲቱን ከቅጥሩ ከማኖር ይልቅ ማስታረቁን ይመርጣል። ዕድሜዋ የገፋ ሴት መንኵሳ፣ ቆብ ደፍታ፣ ከቤተ ክርስቲያን ጥግ ጎጆ ቀልሳ ከባል ሥልጣን ነፃ ልትወጣ ትችል ነበር፤ ሕፃን ያዘለችው ግን ወዴት ትመነኵሳለች?

በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረችው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ከዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ከባሏ ከመልክአ ክርስቶስ ቤት የወጣችው ስለ ምናኔ ነበር፤ ታሪኳ ግን ለነገራችን ብዙ ያስረዳል። በ1672 እ.ኤ.አ. የተጻፈው ገድሏ እንደሚናገረው፣ መጀመሪያ በሸሸች ጊዜ ባሏ የተጠጋችበትን አገር በጦር አስጨነቀ፤ እርሷም ሕዝቡ በእርሷ ምክንያት እንዳይጠፋ ስትል ተመለሰች። በኋላ ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በንጉሡ ወገን በተገደሉ ጊዜ ከባሏ ጋር በአንድነት መኖርን ፈጽማ እምቢ አለች፤ እርሱም በመጨረሻ ለቀቃት። ያለችበት የታወቀ መጠጊያ፣ ባልየው ከአስጠጊዎቹ የበረታ በሆነ ጊዜ ለሴቲቱም ለአስጠጊዎቹም ወጥመድ ይሆናል።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ አሮጌውን ልማድ በአዲስ ልብስ አቆየው። ባል የቤተ ሰቡ አለቃ ነው አለ፤ በሕግ በተፈቀደው ሁሉ ሚስት እንድትታዘዘው ደነገገ፤ የባልና ሚስትን ክርክር ለቤተ ዘመድ ሽማግሎች ሰጠ። ለፍቺ ከባድ ምክንያት ብሎ ዝሙትን፣ ቤት ጥሎ ሄዶ ያለበት ሳይታወቅ 2 ዓመት መቅረትንም ሲቈጥር፣ ድብደባን ከእነዚህ ጋር አላሰለፈውም። የምትደበደብ ሴት ተሰውራ ብትኖር ከባድ ምክንያት የሚገኘው በእርሷ ላይ ነበር ማለት ነው። በዚሁ ዘመን ብዙ ሴቶች ወደ ከተማ ገቡ፤ የአባት ቤት ከኪራይ ቤቱ የብዙ ቀን መንገድ ሆነ፤ ጎረቤትም «የሰው ገመና» እያለ ድምፅ ሲሰማ መስኮቱን መዝጋት ለመደ።

ገመናው በአደባባይ መነገር የጀመረው በ1995 እ.ኤ.አ. በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና በባልንጀሮቻቸው የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የተደበደቡ ሴቶችን አቤቱታ ይዞ ወደ ፍርድ ቤት በሄደ ጊዜ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ጥናት በቡታጅራ አካባቢ ከ100 ባለ ትዳር ወይም ትዳር የነበራቸው ሴቶች 71ዱ ከባል ወይም ከወዳጅ የአካል ወይም የፆታ ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናትም ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ያሉት ከ100 ሴቶች 63ቱ፣ ከ100 ወንዶች ግን 28ቱ ነበሩ፤ የእናትየዋ የጓዳ ምክር ምን ያህል እንደ ሠረጸ ከዚህ ይታወቃል።

ከዘመድም ከደብርም ውጭ የሆነ መጠጊያ በእንግሊዝ አገር በ1971 እ.ኤ.አ. ኤሪን ፒዚ በምትባል ሴት አማካይነት በለንደን በቺዝዊክ ሲከፈት፣ ወደ እኛ አገር የደረሰው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። የሕግ ባለሙያዋ ወይዘሮ ማሪያ ሙኒር በ2003 እ.ኤ.አ. የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርን አቋቋሙ፤ ማኅበሩም በአዲስ አበባ፣ ኋላም በአዳማ፣ ሴቶችን ከነልጆቻቸው ተቀብሎ ምግብና መኝታ፣ ሕክምና፣ የምክር አገልግሎት፣ የሕግ ድጋፍና የእጅ ሙያ ይሰጣል። የዚህ ቤት ሥርዓት ከቀድሞዎቹ ሁሉ ተቃራኒ ነው፤ አድራሻው አይነገርም፤ ሽማግሌ ከደጁ ቆሞ «ቤቶች!» አይልም፤ የምትገባው ሴትም አብዛኛውን ጊዜ በፖሊስ ወይም በሴቶች ጉዳይ ቢሮ ተልካ ነው። ወንድም የሌላት ሴት እንደ ባለ ወንድሟ እኩል የምትገባበት የመጀመሪያው ቤት ይህ ይመስለኛል። ሆኖም እንዲህ ያሉ ቤቶች ጥቂትና በከተማ የተወሰኑ ስለ ሆኑ፣ የገጠሯ ሴት ዛሬም የአባቷን መንገድ ትይዛለች።

በአዋጅ ቍጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ የባልን አለቅነት ሲሽር፣ የፍቺውን ዳኝነት ከቤተ ዘመድ ሽማግሎች ወደ ፍርድ ቤት መለሰው፤ በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት ለይቶ ጠቀሰ። ከሁሉ ይልቅ ለነገራችን የሚጠቅመው ግን በቤተ ሰብ ሕጉ የተጻፈችው አንዲት አጭር ድንጋጌ ናት፤ ፍርድ ቤት ከተጋቢዎቹ አንዱ ከጋራ መኖሪያው ይውጣ ብሎ ሲያዝ የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳውን ወገን ሁኔታ እንዲያይ ታስገድዳለች፤ ስለዚህ ዳኛው እርሷን ከልጆቿ ጋር በቤቷ አስቀርቶ ባልየውን ሊያስወጣው ይችላል። ይህች ትእዛዝ የምትገኘው ግን የፍቺ አቤቱታ ከቀረበ በኋላ ነው፤ መፋታት ሳይሆን ያን ሌሊት አለመመታት ብቻ የፈለገች ሴት በዚያ ሕግ በር አላገኘችም።