ሕጸጽ ፍለጋ

«ትራብልሹቲንግ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ዛሬ በኮምፒውተር ጥገና ቤቶች ዘወትር የሚነገር ሲሆን፣ የሚያመለክተውም አንድ መሣሪያ ሥራውን ባጓደለ ጊዜ፣ መለዋወጫ ከመግዛት አስቀድሞ፣ ጉድለቱ በየትኛው ክፍል እንዳለ በቅደም ተከተል መርምሮ የማግኘትን ጥበብ ነው። ቃሉ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ በአሜሪካ፣ የቴሌግራፍና የስልክ መሥመር በተበላሸ ጊዜ ሽቦውን እየተከተሉ የብልሽቱን ስፍራ ፈልገው ከሚጠግኑ ሠራተኞች መጠሪያ ጋራ የተያያዘ ነው።

ለዚህ ቃል በአማርኛ «ሕጸጽ ፍለጋ» የሚለውን አቀርባለሁ። «ጥገና» ብንለው፣ ጥገና የሚመጣው ብልሽቱ ከታወቀ በኋላ ነውና አይስማማም፤ «ችግር መፍታት» ብንለውም ከቤተ ሰብ ጠብ እስከ አገር ጉዳይ ድረስ ሁሉን ስለሚያጠቃልል ይሰፋል። ሕጸጽ ግን «ጎደለ፣ አነሰ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የተገኘ፣ ሊቃውንቱ በባሕረ ሐሳብ፣ ማለት በዘመን አቈጣጠር ትምህርት፣ የሚሠሩበት ቃል ነው፤ ጨረቃ ወሯን አንድ ጊዜ በ30፣ አንድ ጊዜ በ29 ቀን ስትፈጽም የምትጎድለው ዕለት ሕጸጽ ትባላለችና። የባሕረ ሐሳብ መምህር ያችን ጉድለት በግምት ሳይሆን ቈጥሮ በስፍራዋ እንደሚያገኛት፣ የመሣሪያ መርማሪም ጉድለቱን በማስረጃ ሊያገኘው ስለሚገባ፣ ቃሉ ለዚህ ሥራ የተገባ ይመስለኛል።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ፣ በተለምዶ «ሲዲ ሮም» ወይም «ዲቪዲ ራይተር» የሚባለውን፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ «ዲስክ ማንበቢያ» የምንለውን የኮምፒውተር ክፍል እንውሰድ። ዲስኩ ወርዱ 12 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 1.2 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ፕላስቲክ ሲሆን፣ በፋብሪካ በታተመው ላይ ለዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች በጠመዝማዛ መሥመር ተቀርጸውበታል፤ ማንበቢያው በሌንስ አማካይነት የሌዘር ብርሃን በመሥመሩ ላይ ያሳርፍና፣ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃን ሲበረታና ሲደክም ልዩነቱን ወደ ቁጥር፣ ቁጥሩንም ወደ ድምፅ፣ ወደ ሥዕል ወይም ወደ ጽሑፍ ይመልሰዋል። የሲዲ መሥመሮች እርስ በርሳቸው የሚራራቁት በ1.6 ማይክሮሜትር ሲሆን የዲቪዲው ግን በ0.74 ብቻ ስለሆነ፣ ሲዲ በ780 ናኖሜትር፣ ዲቪዲ ደግሞ በ650 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው ብርሃን ይነበባሉ። ይህን ማወቅ ለፍለጋው እንዴት እንደሚጠቅም ወደ ኋላ እናየዋለን።

የሕጸጽ ፍለጋ ሕግጋት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ከቀላሉና ከውጭው ጀምሮ ወደ ከባዱና ወደ ውስጡ መሄድ፣ ሁለተኛው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው፤ ሁለት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው መሣሪያው ቢድንለት እንኳ ያዳነው የትኛው እንደ ሆነ አያውቅምና።

ስለዚህ በመጀመሪያ የሚመረመረው ዲስኩ ነው። ሌላ የዚያው ዓይነት፣ ጤናማነቱ የታወቀ ዲስክ ሲገባበት የሚያነብ ከሆነ ማንበቢያው ንጹሕ ነው፤ በደሉ የዲስኩ ነው። የቆሸሸ ዲስክ በለስላሳ ጨርቅ ሲጠረግ ከመካከሉ ወደ ዳር በቀጥታ እንጂ በዙሪያው መጠረግ የለበትም፤ መሥመሩን ተከትሎ የሚሄድ ጭረት፣ መሥመሩን አቋርጦ ከሚያልፈው ይልቅ ብዙ መረጃ በተከታታይ ስለሚያጠፋ፣ የማንበቢያው የስሕተት ማረሚያ ሊተካው ያቅተዋል። ብዙዎች የሚያብለጨልጨውን ገጽ ሲጠነቀቁለት፣ ሥዕልና ጽሑፍ ያለበትን ገጽ ግን ይንቁታል፤ ነገር ግን በሲዲ ላይ መረጃውን የያዘው ሥሥ ንጣፍ የሚገኘው ልክ ከዚያ ገጽ ሥር ስለሆነ፣ በዚያ በኩል የደረሰ ጥልቅ ጭረት መድኃኒት የለውም።

ዲስኮች ሁሉ የማይነበቡ ከሆነ ግንኙነቱ ይታያል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ፣ ዊንዶውስ ከመጀመሩ በፊት በሚሠራው በባዮስ ገጽ ላይ የማንበቢያው ስም ካልታየ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶና ከመብራት ተነቅሎ የኃይሉና የመረጃው ገመድ ወልቀው እንደገና ይሰካሉ፣ ቀጥሎም የመረጃው ገመድ በሌላ ይለወጣል። በባዮስ ታይቶ በዊንዶውስ ውስጥ ብቻ ከጠፋ ግን ሕጸጹ የዕቃው ሳይሆን የሶፍትዌሩ ሊሆን ስለሚችል፣ ዲቫይስ ማናጀር በተባለው የዊንዶውስ የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ማንበቢያውን ሰርዞ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሣት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

መሳቢያው አልከፈት ያለ እንደ ሆነ፣ በፊቱ ላይ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ የተቃና የወረቀት አግራፍ አስገብቶ በቀስታ በመግፋት ዲስኩን ማውጣት ይቻላል፤ በጠረጴዛ ኮምፒውተር ማንበቢያዎች ላይ የዚህ ሕመም ምክንያት አዘውትሮ የደረቀች ወይም የላላች ትንሽ የጎማ ቺንጋ ናት፣ እርስዋም ለብቻዋ ትለወጣለች። መሳቢያው ደኅና ሆኖ ዲስኩ የሚሽከረከር ግን የማይነበብ ከሆነ፣ አቧራ የለበሰውን ሌንስ፣ መሣሪያው ከኃይል ተነቅሎ ሳለ፣ በአይሶፕሮፒል አልኮል በጥቂቱ በራሰ ጥጥ፣ ሳይጫኑ፣ መዳሰስ ብቻ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ኃይል ያለበትን ሌንስ መመልከት ግን ዓይንን ስለሚጎዳ ፈጽሞ አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሁለቱንም ለማንበብ የተሠራ ማንበቢያ ሲዲ እያነበበ ዲቪዲን እንቢ ያለ፣ ወይም የዚህ ተቃራኒ የሆነ እንደ ሆነ፣ ሁለቱ ብርሃናት ከሁለት የተለያዩ ምንጮች የሚወጡ ናቸውና፣ አንደኛው ደክሟል ብሎ መፍረድ ይቻላል። የሌዘር ምንጭ በአገልግሎት ብዛት ይደክማል፤ ኃይሉን በካቻቢቴ ነካክቶ ከፍ ማድረግም ለጥቂት ጊዜ ቢያነቃው መጨረሻውን ያፋጥናል።

እንግዲህ ይለወጥ ወይስ አይለወጥ የሚለው ፍርድ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ሕጸጹ በገመድ፣ በሶፍትዌር፣ በቺንጋ ወይም በአቧራ ከሆነ መለወጥ ገንዘብን ያለ ምክንያት ማባከን ነው። ሌዘሩ የደከመ፣ ሞተሩ የቆመ፣ ወይም ማንበቢያው በሌላ ጤናማ ኮምፒውተር ላይም ያልታወቀ እንደ ሆነ ግን፣ የሌዘሩ ክፍል የመሣሪያው ዋና አካል ስለሆነ፣ መጠገኑን ትቶ መለወጥ ይሻላል። ለላፕቶፕ የሚገዛ ሰው የቀድሞውን ውፍረት ለክቶ ይሂድ፤ 12.7 ሚሊሜትር የሆነው በ9.5 ሚሊሜትር ስፍራ አይገባምና። በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ ማንበቢያ ግን ለአብዛኛው ላፕቶፕ ስለሚሆንና ከጎረቤት ጋራ በጋራ ስለሚያገለግል፣ ዲስክ አልፎ አልፎ ብቻ ለሚከፍት ሰው የተሻለው ምርጫ እርሱ ነው።

ማንበቢያ በሌላ ማንበቢያ ይተካል። በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ ያሉት ዲስኮች የያዙት የሠርግ፣ የክርስትናና የመዝሙር ቅጂ ግን፣ በተለይ በቤትና በስቱዲዮ የተቀዳው፣ መረጃው የተጻፈበት ቀለም በፀሐይና በሙቀት እየደበዘዘ ስለሚሄድ፣ አንድ ቀን ከጠፋ ምትክ የለውም። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ማንበቢያህን ያዳንህ ወይም የለወጥህ ዕለት፣ ሌላ ሥራ ሳትጀምር፣ ዲስኮችህን ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጥ፤ አንድ ተጨማሪ ቅጂም በሌላ ስፍራ አኑር።