ኮንታክት፣ ዑደት እና ካውያ

ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ምክንያት እሳት ሲነሳ ጎረቤቱ ሁሉ መንስኤውን በአንድ ቃል ይገልጸዋል፦ «ኮንታክት ነው።» ሶኬት ሲንጣጣም፣ የሽቦ ልባስ ሲሸትም ቃሉ ያው ነው። መነሻው ላቲን ሲሆን ኮን «አብሮ»፣ ታንጌሬ «መንካት» ማለት ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ «መነካካት» ይሆናሉ።

በአውሮፓ ቋንቋዎች ይህ ቃል ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ደግ ቃል ነው። በማብሪያና ማጥፊያው ውስጥ ያሉት ሁለት ብረቶች ካልተነካኩ አምፖል አይበራም፤ ኮንታክት የሚባለውም ያ ተፈላጊ መነካካት ነው። ብልሽቱን ግን እንግሊዝኛውም ፈረንሳይኛውም ጣሊያንኛውም «አጭር ዙር» በሚል ሐረግ ይጠሩታል። እነሱ ያዩት ኤሌክትሪኩ አሳጥሮ ያለፈበትን መንገድ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ ያየው ሁለት ሽቦ የተገናኘበትን ቦታ ነው። ብልሽት ፈላጊ ከሆኑ የአማርኛው ስያሜ ይበልጥ ይጠቅማል እላለሁ። የመንገዱ ማጠር በዓይን አይታይም፤ የተነካካው ቦታ ግን ተፈልጎ ይገኛል።

አማርኛ ለተቃራኒው ጉዳይም ጥሩ ቃል አለው። የኤሌክትሪክ «ዑደት» የምንለው ከግዕዙ ዖደ፣ «ዞረ» ከሚለው ግሥ የተወለደ ነው። ዘሩ ብዙ ነው፦ ዘመን ዞሮ የሚገጥምበት ዐውደ ዓመት፣ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ዐውደ ምሕረት፣ በሬዎች እህል እያበራዩ የሚዞሩበት አውድማ። ታቦት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞርም ዑደት ይባላል። የላቲኑ ሰርኪትም ከኪርኩም «ዙሪያ» እና ከኢሬ «መሄድ» ተሠርቷል። ሁለቱም ቃላት የያዙት ሥዕል አንድ ነው፤ ሄዶ መቅረት የለም፣ ዞሮ ወደ ተነሱበት መመለስ እንጂ። ኤሌክትሪክም ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ወጥቶ ወደ አሉታዊው ካልተመለሰ ምንም ሥራ አይሠራም።

ቤት ውስጥ የተሠራ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዑደት እምቢ ሲል የሚጠየቀው ጥያቄ እንግዲህ ከእነዚህ ሁለት ቃላት ይነሳል። ዙሩ የት ተቋረጠ? ወይስ የት አለአግባብ ተነካካ? ብዙ ጀማሪዎች የሚሠሩትን አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ በ9 ቮልት ባትሪ ብልጭ ድርግም የሚል የኤልኢዲ መብራት። ልቡ 555 የተባለው ስምንት እግር ያለው ቺፕ ነው። የስዊዘርላንድ ተወላጁ ሐንስ ካመንዚንድ እ.ኤ.አ. በ1971 ለሲግኔቲክስ ኩባንያ ነድፎት በ1972 ገበያ ላይ ውሏል።

ተገጣጥሞ ባትሪው ሲሰካ መብራቱ ዝም ካለና ባትሪው ወይም ቺፑ መጋል ከጀመረ ኮንታክት ሳይኖር አይቀርም። ባትሪው ወዲያው ይነቀላል፤ የኤሌክትሪክ መለኪያው መልቲሜትር መስመር መቀጠሉን በድምፅ በሚያሳውቅበት ቦታ ላይ ይደረግና በአዎንታዊውና በአሉታዊው መስመር መካከል ይለካል። ጩኸቱ ካላቋረጠ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ጩኸቱ የሚቆምበትን መፈለግ ነው። ጩኸቱ ለአፍታ ተሰምቶ ከጠፋ ግን አያስደነግጥም፤ በዑደቱ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ ካፓሲተር ሲሞላ እንዲህ ያደርጋል።

ምንም ሳይግል ዝም ያለ እንደሆነ ደግሞ ዙሩ ተቋርጧል። አሁን ዑደቱን እንደ ቃሉ መዞር ያስፈልጋል። ባትሪው በርግጥ 9 ቮልት ገደማ ይሰጣል? ያ ቮልቴጅ በቺፑ 8ኛና 1ኛ እግር መካከል ይታያል? ዳግም ማስጀመሪያው 4ኛ እግር ከአዎንታዊው መስመር ጋር ታስሯል ወይስ ተንጠልጥሎ ቀርቷል? ከ3ኛው እግር የሚወጣው ከፍና ዝቅ ይላል? ጥርጣሬ ከያዘን ቦታ ዘልለን አንጀምርም፤ ከምንጩ ተነስተን ወደ ምንጩ እንመለሳለን።

ዕቃዎቹ የሚሰኩበት ብሬድቦርድም ራሱ ሊያታልል ይችላል። ስሙ የዳቦ መክተፊያ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሬዲዮ በቤታቸው የሚሠሩ አሜሪካውያን ዕቃዎቹን የሚያስሩት በርግጥም ከወጥ ቤት ባመጡት የእንጨት መክተፊያ ላይ ነበር። ዛሬ የምናውቀውን፣ ያለ ብየዳ የሚሰካውን ባለ ቀዳዳ ፕላስቲክ ሮናልድ ፖርቱጋል በ1971 ነደፈው። በረጃጅሞቹ ቦርዶች ላይ በዳር የሚሄደው የኃይል መስመር አንዳንዴ መሐል ላይ የተቆረጠ ነው። በዓይን ቀጥ ያለ መስመር ይመስላል፤ ከታች ግን ዑደቱ እዚያ ያበቃል። ሁለቱን ግማሾች በአጭር ሽቦ ማገናኘት ይበቃል።

ኤልኢዲው ተገልብጦ ቢሰካም ዙሩ ይቋረጣል፤ ኤሌክትሪክን የሚያሳልፈው በአንድ አቅጣጫ ነውና። ረጅሙ እግር አኖድ፣ አጭሩ ካቶድ ይባላል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1834 እነዚህን ስሞች የተጠቀመው የካምብሪጁን ሊቅ ዊልያም ሂዌልን አማክሮ ነበር። አና «ወደ ላይ»፣ ካታ «ወደ ታች»፣ ሆዶስ ደግሞ «መንገድ» ነው በግሪክ። ፋራዴይ በሐሳቡ የሳላት ፀሐይን ነበረች፦ አኖድ የምትወጣበት፣ ካቶድ የምትገባበት። ዳዮድ የሚለው ቃልም በ1919 በዊልያም ኤክልስ ሲወጣ ያንኑ ሆዶስ ይዞ ነው የመጣው። ይህ የግሪክ ቃል ለእኛ ባዕድ አይደለም። ሲኖዶስ ስንል ሲን «አብሮ» እና ሆዶስ አሉበት፤ የቤተ ክህነቱ ጉባኤና የኤልኢዲው አጭር እግር በአንድ ቃል ይዛመዳሉ። ይህን ዝምድና ያወቀ ሰው ካቶድ መውረጃ መንገድ መሆኑን የሚረሳ አይመስለኝም።

ሥራው በብሬድቦርድ ላይ ከሠመረ በኋላ ወደ ብየዳ ይገባል። መሣሪያችን ካውያ ነው። ልብስ የሚተኮስበትም፣ እርሳስና ቆርቆሮ የሚቀልጥበትም በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ምንጩ የዓረብኛው ከዋ፣ «በጋለ ብረት ተኮሰ» የሚለው ግሥ ነው። በዚያ ግሥ የሚጠራው ልብስ መተኮስ ብቻ አይደለም፤ በሽተኛን በጋለ ብረት መተኮስም ከዚሁ ይወጣል። «ጥገና» የሚለው ቃላችንም እንዲሁ ከሕክምና አይርቅም። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ኢሳይያስ 61 ላይ ልባቸው ለተሰበረ የተነገረውም ይኸው ግሥ ነው። የቴክኒሻን ጠረጴዛ ላይ ካውያና ጥገና መገናኘታቸው ደስ ይለኛል፤ ሁለቱም የተጎዳ አካል የሚያውቁ ቃላት ናቸው።

ካውያው የሚያስከትለው ብልሽት ከሁሉ ያስቸግራል። እግሩና መዳቡ በቂ ሙቀት ሳያገኙ የቀለጠው ብረት ከላይ ከፈሰሰበት ብየዳው ቀዝቃዛ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ መልኩ ደብዛዛ ነው፤ ቅርጹም እንደ ጠብታ ይድቦለቦላል። ሲያዩት ተነካክቷል፤ ኤሌክትሪክ ግን አያልፍበትም፣ ወይም ቦርዱን ሲጫኑት ያልፍና ሲለቁት ይቋረጣል። ኮንታክት ያለ ይመስላል፣ ዑደት ግን የለም። እንዲህ ያለው በአዲስ ብረት ጭመራ ብቻ አይድንም። የካውያውን ጫፍ እግሩንም መዳቡንም እንዲነካ አድርጎ አንድ ሁለት ሰከንድ ማሞቅ፣ ከዚያ ትንሽ የብየዳ ሽቦ በካውያው ላይ ሳይሆን በጋለው መገጣጠሚያ ላይ ማስነካት፣ ፈስሶ ዙሪያውን ሲያለብስ ካውያውን ማንሳትና እስኪረጋ ድረስ አለማንቀሳቀስ ነው።